ወደ ሚስትየዋ ያልሄድንበት ሳምንት

ሰው «ጡረታ ወጣሽ አሉ፤ ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» ሲለኝ «ጸሐፊ ነበርኩ» ብዬ አልፈዋለሁ። እውነቱን ብነግረው የያዘው ሻይ ትን ይለዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአገልጋዮችን ዝሙት ስጽፍ ነው የኖርኩት። ሌላም ነገር ጽፌያለሁ፤ የሰርግ ፈቃድ፣ የመዘምራን ጠብ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ጥያቄ። የቤተ ክርስቲያን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጸሐፊ ከሆንሽ ግን ጠረጴዛሽ ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ያው አንዱ ነገር ነው፤ እገሌ የሚባል መጋቢ ከሚስቱ ሌላ ሴት ጋር ሄደ የሚል። ያን ያህል ዓመት ሰምቼ «ከእንግዲህ እኔን የሚያስደነግጠኝ የለም» እያልኩ እፎክር ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ወላይታ ሶዶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር። ወላይትኛን የተማርኩት አብረን አፈር ፈጭተን ጭቃ አቡክተን ካደግን የጎረቤት ልጆች ነው። ታይፕ ተምሬ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ቦዲቲ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ነው። ደሞዙ ለጤፍ አይደርስም፣ ለበቆሎ ይበቃል። የዚያ አለቃዬ ፈሪ ሰው ስለነበሩ የአገልጋይ ጉዳይ ሲያጽፉኝ ጎረቤት እንዳይሰማ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጉታል። እኔ በዜናና በዘፈን መካከል የሰው ኃጢአት ስጽፍ እውላለሁ። ሁለት ዓመት እንደሠራሁ ወደ አረካ አዛወሩኝ።

አረካ ላይ አንድ ወንጌላዊ ከዘማሪዎች ከአንዷ ጋር ተያዘ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ቅዳሜ ተሰበሰቡ። ሰውየውን ጠየቁ፣ ሴቲቱን ጠየቁ፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠየቁ። ሚስቱን የጠሯት በአራተኛው ቅዳሜ ነው። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ከባድ ነገር ልንነግርሽ ነው ሲላት፣ «ተዉት፤ ጨው ሻጯ ቀድማችኋለች» አለችና ሳትቀመጥ ተመልሳ ወጣች። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ያን ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም ነበር።

በዚያ ስብሰባ ላይ ከሶዶ የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ መጋቢ መና ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ኮታቸውን በሙቀትም በዝናብም የማያወልቁ ሰው ናቸው። የዞኑ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። ሴትየዋ ስትወጣ አንገታቸውን ደፉ። ልንበተን ስንል ተነሥተው፣ ከእንግዲህ በዚህ ዞን ሚስት ሳትሰማ ስብሰባ አይጠራም አሉ። ሚስቶች ለወንድ ሽማግሌ የማይነግሩትን ለሴት ይነግራሉ ብለውም እኔን ወደ ሶዶ ቢሮ አዛወሩኝ።

ሥራውን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ወደ ሚስትየዋ የሚኬደው ሁለት ሆኖ ነው፤ አንዷ የግድ ሴት ትሆናለች። ባጃጁ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ደጃፍ ላይ ከቆመ መንደሩ ሁሉ «ምን ሆኑ?» ይላል። ተገብቶ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱ ይጠየቃል፤ ግን አይረዝምም፤ ሴት ሲያዞሯት ወዲያው ይገባታል። ከዚያ ነገሩ በወላይትኛ ይነገራታል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በአማርኛ ልናገር ስል ተቆጡኝ። አማርኛ የቢሮ ነው፣ የደብዳቤ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እናቱ ባናገረችው ቋንቋ ነው መስማት ያለበት አሉኝ። በዚያ ቀን «ይቅር በይው» ማለት ክልክል ነው። አንድ ሽማግሌ ቸኩሎ ቢላት ከኮሚቴው ለስድስት ወር አስወጡት። ጉዳዩ እስኪያልቅ ደግሞ በዚያ ቤት ምግብ አይበላም፤ የሚቀበሉት ውሃ ብቻ ነው። እኔ ሆዴን የምወድ ሴት ነኝ። ስንት ቤት ቆጮው ከዳጣው ጋር ቀርቦ አፍንጫዬን እየሸነቆጠኝ ውሃዬን ጨልጬ ወጥቻለሁ።

በአጻጻፍም ጠንካራ ነበሩ። «ወንድማችን ወድቋል» ብዬ ስጽፍ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ይሰርዙታል። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው ነው የሚወድቀው፤ ይሄ ግን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ለሚስቱ ስብሰባ አለኝ ብሎ ነው የሄደው፤ «ሄደ» ብለሽ ጻፊው ይሉኛል። ምክር የምትፈልግ ሴት ቢሯቸው ስትመጣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ገርበብ እንኳ አይልም። የእኔ ጠረጴዛ ከበሩ ፊት ለፊት የተቀመጠውም በእሳቸው ትእዛዝ ነው።

ወደ ሚስት አስቀድሞ መሄድ ስንቱን እንዳዳነ እኔ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መጋቢ ከሆቴል ሲወጣ ታየ ተብሎ ተከሰሰ። ሦስት ምስክር ቆመበት፤ ቀኑ ሳይቀር ተጠቅሷል። ሄደን ለሚስቱ ስንነግራት ሳቀች። ያን ሳምንት እሷ ኦቶና ሆስፒታል ተኝታ እሱ ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ሲያስታምማት ነበር። ምስክሮቹን መልሰን ስንጠይቃቸው ነገሩ የወንበር ጠብ ሆኖ ተገኘ። እሷን ሳንሰማ ብንሰበሰብ ኖሮ ያ ልጅ አልቆለት ነበር።

የመጋቢ መና ባለቤት ታደለች ትባላለች፤ እኛ ግን ሁላችን «አዬ» ነው የምንላት፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። እናቴ ቀድማ ስለሞተች በሰርጌ ቀን በእናቴ ቦታ የቆመችልኝ እሷ ናት። ቤቷ ከገባሽ ሳትበዪ አትወጪም። ባሏ በየወረዳው ሲዞሩ ሰባት ልጅ አሳድጋለች፤ ሲያማርራት ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ትዳር ማለት የእነሱ ነው ብዬ ለልጆቼ እናገር ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ መጋቢ መና ከቢሯቸው ወጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ብርቅነሽ፣ ቃለ ጉባኤ ያዢልኝ» አሉ።

የማንን አልኳቸው።

«የእኔን።»

ሳቅሁ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት፤ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ቆመው በወላይትኛ ነገሩኝ። ሁምቦ ወረዳ ውስጥ የአንድ ወንጌላዊ ሚስት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ባሏ ሲሞት ኮሚቴው መጋቢ መና በየወሩ ሄደው ያጽናኗት ብሎ ወሰነ፤ የጉብኝቱን ፕሮግራም ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ከሦስተኛው ወር በኋላ የተደረገው ማጽናናት አልነበረም። ስምንት ወር ቆይቷል አሉ። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ወጣት ወንጌላዊ ጉዳይ ሲመረምሩ ልጁ እያለቀሰ «እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ቢላቸው ፋይሉን ዘግተው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላላቸው አለ።

ክው አልኩ። እጄን ወረቀቱ ላይ አድርጌ መጻፍ አቃተኝ። የእሳቸው በር ስንት ዓመት ወለል ብሎ ሲከፈት ያየሁት በዚህ ዓይኔ ነው። ሁምቦ ያለው በር ግን ይዘጋ ነበር። እንደ ምንም ብዬ ጻፍኩት፤ ፈረሙበት፤ ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ረቡዕ ተሰበሰቡ። አንዱ አለቀሰ። አንዱ ጆሮዬን አላምንም እያለ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ይሸፈን ያለም ነበር፤ ሌሎቹ ግን ሰውየው ራሱ መጥቶ ተናዟል፣ ወሬው ሳይቀድመን እሑድ ለምእመናን ይነበብ፣ ክብሩም በዚህ ይጠበቅለታል አሉ። ተስማማን። ከኮሚቴው ታገዱ፤ ከመድረክ ታገዱ። ይህ ሁሉ ሲባል ወደ አዬ ማን ይሂድ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ለምን? ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ወደ ሰው ሚስት ሁሉ አስቀድማችሁ ሂዱ ያሉ ሰው ለገዛ ሚስታቸው አልነገሩም ብሎ ማን ያስባል? መጠየቁ ራሱ ስድብ መሰለን። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ሄዷል ብለው አሰቡ፤ የሄደ ግን አልነበረም። እኔ ደግሞ ፈራሁ። በእናቴ ቦታ የቆመችልኝን ሴት ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው?

ሐሙስ ገበያ ላይ ተገናኘን። አዬ ጎመን እየመረጠች ነበር። ሳመችኝ፤ የልጆቼን ደህንነት ጠየቀች፤ የጎመን ዋጋ ጨመረ ብላ ከሻጯ ጋር ተከራከረች። እኔ ሞኟ በልቤ «አቤት ጸጋ፤ እንዲህ ያለ መከራ ተሸክማ ትስቃለች» እላለሁ። ጎመኑን አብሬያት መረጥኩ። እስከ ታክሲው ድረስም ዘንቢሏን ተሸከምኩላት።

እሑድ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጣለች። መጋቢ መና ከኋላ ከበሩ አጠገብ ናቸው። ዝማሬው አልቆ ማስታወቂያ ሊነበብ ሲል አዬ ዘወር ብላ ባሏን ፈለገች፤ ለምን ከኋላ እንደተቀመጡ ግራ የገባት ይመስላል። ከዚያ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ፈገግ አለችልኝ። ያኔ ገባኝ። ይህቺ ሴት የምታውቀው ነገር የለም። ሽማግሌው ወረቀቱን ይዞ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ በእኔና በእሷ መካከል ያለው ሁለት አግዳሚ ብቻ ነው። ተነሥቼ እጇን ይዤ ላወጣት እችል ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አልተነሣሁም። ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ እስክሞት አልረሳውም።

በእኛ አጥቢያ ማስታወቂያ በአማርኛ ይነበብና አስተርጓሚ እየተከተለ አንድ በአንድ ወደ ወላይትኛ ይመልሰዋል። ሽማግሌው አንድ ዓረፍተ ነገር ያነብባል፤ ይቆማል፤ አስተርጓሚው ይደግመዋል። ስለዚህ አዬ የባሏን ዝሙት በጠቅላላው ጉባኤ ፊት ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማችው። በአማርኛው ጊዜ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር። በወላይትኛው ጊዜ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ወጣች።

ሮጬ በግቢው በር ላይ ደረስኩባት።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኩ።

«ከመቼ?»

ከማክሰኞ አልኳት። «ሐሙስ ጎመን መርጠሽልኛል» አለች። ብቻዋን መንገዱን ይዛ ወረደች።

ሰኞ ጠዋት በንዴት መጋቢ መና ዘንድ ሄድኩ። በሕይወቴ አለቃዬ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን አልነገሯትም አልኳቸው። እሳቸውም ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ግን ሕጉ አለ፣ ሁለት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ ብዬ ነበር አሉኝ። እኛ እሳቸው ነግረዋታል ስንል እሳቸው እኛን ሲጠብቁ፣ ሴትዮዋ በመካከል ቀረች። አዬ ዘንድም ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄጄ በሩን አልከፈተችልኝም። በአራተኛው አስገባችኝ። ውሃ ሰጠችኝ፤ ውሃ ብቻ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ሁምቦም ላኩኝ፤ የሴትየዋን ቃል ልቀበል። ቤቷን ዘግታ ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ገብታ ነበር። በዚያ ሙቀት ከቤት አትወጣም አሉኝ፤ ሰው ስለሚጠቋቆምባት። የተናገረችው አጭር ነው፤ «ባሌ ሲሞት ሁላችሁም መጋቢው መጥቶ ያጽናናሽ አላችሁኝ፤ በሬን የከፈትኩት እናንተ ላካችሁት ብዬ ነው» አለችኝ። ጻፍኩት። የላክናቸው በእርግጥ እኛ ነን።

ሁለት ዓመት አለፈ። መጋቢ መና በእውነት ተጸጸቱ፤ ይህን ማንም አይክድም። ከኋላ ተቀምጠው ያመልካሉ፤ የተሰበረ አግዳሚ ይጠግናሉ፤ ለሚያውቃቸውም ለማያውቃቸውም አንገታቸውን ይደፋሉ። አዬ መጀመሪያ ሰሞን ታላቅ ልጇ ዘንድ ሄዳ ከረመች፤ ኋላ ተመለሰች። ቢሮው ግን ተበላሸ። አዲሱ ሰብሳቢ ጉዳይ መያዝ አያውቁበትም፤ ፋይሉ ተከመረ። ሽማግሌዎቹ ንስሐ ገብቷል፣ ሚስቱም ይቅር ብላዋለች፣ ምን ቀረ፣ ይመለስ ማለት ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ይመለሱ ባይ ነበርኩ። ሥራውን እንደ እሳቸው የሚያውቀው የለም። ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስብሰባው ተጠራ።

በዚህኛው አልተሳሳትንም። አንድ ሽማግሌና እኔ አስቀድመን ወደ አዬ ሄድን። ነገሩን ሰምታ፣ የምናገረው አለኝ፣ ስብሰባው ላይ እመጣለሁ ብቻ አለችን።

መጣች። አሥራ አንድ ወንድ ሽማግሌ ጠረጴዛውን ከብቦ ተቀምጧል፤ መጋቢ መና ከሰብሳቢው በስተቀኝ ናቸው፤ ፊታቸው በርቷል። ሰብሳቢው ታላቅ እህታችን፣ ባለቤትሽን ይቅር ብለሽ ከሆነ በቃልሽ አረጋግጪልን አሏት። አዬ በወላይትኛ ተናገረች፤ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጻፍኩ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። ቤቴ ውስጥ ነው፣ አብረን እንበላለን፣ ሲያመው እኔ ነኝ የማስታምመው። ነገር ግን ወደ መጋቢነት አትመልሱት።»

አንዱ ሽማግሌ፣ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር ማለት የተማርነው ለምንድን ነው አላት፤ ለስለስ ብሎ ነው ያላት።

«ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እለዋለሁ። እኔ ይቅር ያልኩት ግን የእኔን ነው። የሁምቦዋን ሴት ማን ጠየቃት? ነገ ደግሞ አንዷ ባሏ ይሞትባታል። ሄደህ አጽናናት ትሉታላችሁ። እሷም እናንተ ላካችሁት ብላ በሯን ትከፍትለታለች።»

መጋቢ መና ተነሡ። እኔ እውነቷን ነው የሚሉ መስሎኝ ነበር። እንዲያ አይደለም።

«ታደለች፣ ትናንት ተነጋግረን አልነበረም?» አሉ። ድምፃቸው ተቆጥቶ ነበር። «ይቅር ብዬሃለሁ አላልሽኝም?»

ይህን ስሰማ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት ሚስትን አትጫኗት፣ ይቅር በይ አትበሏት ሲሉ የኖሩ ሰው የገዛ ሚስታቸውን ይቅርታ እንደ ድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ሊገቡበት መጥተዋል። በዚያ ቅጽበት የእኔም «ይመለሱ» ማለት ከውስጤ ወጥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹም እንደ እኔ የገባቸው መሰለኝ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

አዬ ግን አልተቆጣችም። ወደ እሳቸው ዘወር አለች።

«ብዬሃለሁ፤ አሁንም እልሃለሁ» አለች። «ለቤትህ ነው ያልኩህ።»

መጋቢ መና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ድምፅ ይሰጥ አሉ። እጅ ሲወጣ አሥራ አንዱም አይመለስ አሉ። ከዚያ ተጸለየና ተበተንን።

ውጪ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። እኔ በመስኮት አያለሁ። አዬ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ወይም እሳቸው ጥለዋት ይሄዳሉ ብዬ ነበር። መጋቢ መና በረንዳው ላይ ብዙ ቆሙ፤ እሷም አጠገባቸው ቆመች። ቆይተው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ክንዳቸውን ያዘች። የአንድ ሰው የሠላሳ ዓመት አገልግሎት በአንድ ቃል የዘጋች ሴትና ያው ሰውዬ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ወደ ቤታቸው ወረዱ። እኔ እስከዚያ ዕለት ድረስ ይቅርታና መድረክ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። በሥራ ዘመኔ የያዝኩት የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ያ ነው። ባለቤታቸው ከልብ ይቅር ብለዋቸዋል፤ ወደ መጋቢነት አይመለሱም ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢው አንብበውት፣ በሁለቱ መካከል «ነገር ግን» የሚል ቃል ይግባ እንዴ አሉኝ። አያስፈልግም አልኳቸው፤ ፈረሙበት።